የአሥራ አንድ ዓመት ቅናሽ

ለናይሮቢና ለአካባቢዋ ኢትዮጵያውያን በሙሉ!

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም.፣ በሴፕቴምበር ወር ሁለተኛው እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አቶ ገብረመድህን ላቪንግተን ወደሚገኘው የኪራይ የጸሎት አዳራሽ ሲገቡ ፀጉራቸው ነጭ ሆኖ መታየቱ በታላቅ አክብሮት ይገለጻል።

የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ፀጉር መንጣቱ ዜና እንዳልሆነ እናውቃለን። ዜናው ይኸው ፀጉር ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት አንድም ቀን ነጥቶ አለማወቁ ነው። አቶ ገብረመድህን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፈው ይቀቡታል፤ እሑድ ከጫማቸው ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር ፀጉር ይዘው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሰማዩ ከጠቆረ ነጭ ሸሚዝ አይለብሱም። በአዳራሹ የሚያመልከው የምእመናን ኅብረት ይህን ሁሉ እያወቀ እንደማያውቅ ሆኖ አሥራ አራት ዓመት አብሯቸው አምልኳል።

በዚያ እሑድ ታዲያ ስብከቱን የሰማ ሰው ጥቂት ነበር። ወንድም ሐብተማርያም ቀለሙ ከገበያ ጠፍቶ ይሆናል አሉ። እህት ወርቂቱ ስለት ነው አሉ። ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ የሽማግሌዎች ምርጫ መቅረቡን አስታውሰው፣ ሰውዬው የምረጡኝ ዘመቻ በራሱ ላይ ጀመረ ተባባሉ። ሦስቱም ተሳስተዋል። እውነቱን የሚፈልግ ሰው ሦስት ወር ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ከኢምባካሲ ተነሥቶ ከተማውን አቋርጦ የሚሄድ፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ መሳፈር አለበት።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። አቶ ገብረመድህን ከሥራ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስደው ወደ ዌስትላንድስ እየሄዱ ነበር። ሥራቸው አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ መጋዘን የጭነት ሰነድ መመርመር ነው፤ ወረቀቱና ዕቃው በአንድ ኪሎ ከተለያየ አይፈርሙም። ለምን ብሎ ለሚጠይቃቸው «አልገጠመም» ይሉታል። ነጋዴ ይለምናል፣ ደላላ ይቆጣል፣ አለቃ ስልክ ይደውላል፤ እሳቸው ከዚያች ቃል ሌላ አይወጣቸውም። በዚህ ጠባያቸው የሚኮሩትን ያህል በምንም አይኮሩም። በዚያ ጠዋት ግን በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ ፖስታ ብብታቸው ሥር አድርገው፣ የተሰረቀ ዶሮ እንደያዘ ሰው ዓይናቸውን ወዲያና ወዲህ ያንከራትቱ ነበር።

ስታዲየሙ አጠገብ ያለው አደባባይ ላይ ማታቱዋን የመኪና ጃም ያዛት። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ክርኑን በመስኮቱ አወጣ። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዲት ወጣት ሴት ተነስታ አጠገባቸው ባለው ክፍት ቦታ ዘፍ አለች።

«ጋሼ ገብረመድህን! እርስዎ ደግሞ በሥራ ቀን?»

ሐሊና ነበረች፤ በዘጠኝ ዓመቷ ናይሮቢ የገባች፣ እዚሁ ያደገችና እዚሁ የተማረች፣ አሁን ዌስትላንድስ ውስጥ በአንድ የምርመራ ማዕከል ራጅና ኤም አር አይ የምታነሣ የኅብረቱ ልጅ። ኅብረቱ በእሷ ይኮራል፤ ሲታመም ግን ከእሷ ይሸሻል።

«ደህና ነሽ ልጄ? ሥራ እንዴት ነው?»

«ሳዋ ነው፣ ይመስገን። የያዙት ምንድን ነው?»

«የጭነት ሰነድ ነው።»

«በአልትራሳውንድ ፖስታ?»

አቶ ገብረመድህን ጋዜጣውን አዩት። አንዱ ጫፍ ተቀዶ የክሊኒኩ ስም ፍጥጥ ብሏል።

«ከአንቺ ለመሸሽ ስንል እኮ ነው አስካለ ከተማው ማዶ ሄዳ የተነሣችው» አሉ ስለ ባለቤታቸው፣ በቁጣ፣ ጥፋቱ የሐሊና እንደሆነ ሁሉ። «አሁን አንቺ ካየሽው ኅብረቱ አየው ማለት ነው።»

«ፖሌ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ እንዲህ ነው የሚያውቁኝ? ቢሸሹም ብዙዎቹ መጨረሻቸው እኛ ጋ ነው እኮ። የስንቱን ሳንባና ጉልበት አውቃለሁ። አንድ ቀን ሰምተው ያውቃሉ?»

አቶ ገብረመድህን አሰቡ። ሰምተው አያውቁም። ሁኔታው ቅር ቢያሰኛቸውም ፖስታውን ሰጧት።

ልጅቷ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየች፤ ቀጥላም ሪፖርቱን አነበበች። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ዕጢው ዘጠኝ ሴንቲሜትር ነው። በፊትስ?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት አምስት፣ ለገና ሰባት።»

«ሐኪማቸው ምን አሉ?»

«ዶክተር ንጆሮጌ ጎበዝ ሰው ነው። ማዮማ ነው፣ የማያሰጋ ዕጢ ነው፣ ስንቷ ሴት ማህፀን ውስጥ አለ፣ በዚህ ዕድሜ ማደጉ ያለ ነው፣ ስታርጥ በራሱ ይሟሽሻል አለ። ይህችን አዲሷን ፎቶ ላሳየው ነው የምሄደው። ስድስት ወር ደግሞ እንጠብቃለን።»

«በዚህ ዕድሜ?» ሐሊና ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «አርባ ሦስት ይላል።»

«አዎ።»

«ጋሼ፣ እትዬ አስካለ የሰንበት ትምህርት ሲያስተምሩን፣ አብዮቱ የፈነዳ ጊዜ ነቀምት ውስጥ አንደኛ ክፍሎችን ፊደል ያስቆጥሩ እንደነበር ነግረውናል።»

«እና?»

«እናማ በዚህ ወረቀት ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። በአሥራ አንድ ዓመታቸው መምህርት ነበሩ?»

«ጎበዝ ነበረች» አሉ አቶ ገብረመድህን።

እዚህ ላይ አንባቢ የወረቀት ዕድሜ የሚባለውን ነገር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በዚህች ከተማ የሚኖር ብዙ ወገናችን ሁለት ዕድሜ አለው። አንደኛው እናቱ የምታውቀው ነው። ሁለተኛው አንድ ቀን ረጅም ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ከፊቱ የቆመ የማያውቀው ሰው በሹክሹክታ የመከረው ነው። የመጀመሪያው ዕድሜ ይታመማል፣ ይደክመዋል፣ ጉልበቱን ያመዋል። ሁለተኛው ፋይል ውስጥ ሆኖ ዘላለም ወጣት ነው። ችግሩ ሐኪም ቤት ሲኬድ የትኛው እንደሚሄድ ነው።

«ድምፅሽን ቀንሺ» አሉ አቶ ገብረመድህን፤ ማታቱዋ ውስጥ ሌላ አማርኛ የሚሰማ ባይኖርም። «በስደተኝነት ስንመዘገብ ወደ ሦስተኛ አገር ወጣት ወጣቱን ነው የሚወስዱት ተባለ። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ከእሷም ከእኔም አሥራ አንድ አሥራ አንድ ዓመት ቀነስኩ። ፀጉሬንም መቀባት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ለምን አሥራ አንድ?»

«አሥር ውሸት ይመስል ነበራ!»

ሐሊና ልትስቅ ብላ ተወችው።

«ሐኪሙ ፊት አርባ ሦስት ያለው ማነው?»

«እኔ።»

«እትዬስ?»

«ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ታይ ነበር።»

«ስለ ወር አበባ ሲጠይቋቸውስ?»

«አንቺ ልጅ!»

«ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ሆድ ውስጥ ነው የምውለው። ይንገሩኝ።»

አቶ ገብረመድህን ወደ መስኮቱ ዞረው ለቆመው አውቶቡስ የሚያወሩ ይመስል ቀስ ብለው ተናገሩ። «ካቆመ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንደገና ይመጣል። ሐኪሙ ‹ይመጣል ወይ?› አለ፣ ‹ይመጣል› አልኩት። ይህ ውሸት አይደለም።»

«አይደለም። የሃምሳ አራት ዓመቷን ሴት ደም ለአርባ ሦስት ዓመቷ ሰጧት እንጂ።» ልጅቷ ፊልሙን በጥንቃቄ መለሰችው። «በአርባ ሦስት ማዮማ ቢያድግ፣ ደም ቢኖር፣ ማንም ሐኪም ብዙ አይደነግጥም። ሴት ካረጠች በኋላ ግን ማዮማ መሟሸሽ ነው ያለበት። በዚያ ላይ የቆመ ደም ከተመለሰ፣ ሳይመረመር አይታለፍም። አሁንም ዝም ብሎ ማዮማ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነው። ግን ካንሰርም ሊሆን ይችላል። እርስዎ ሐኪሙ እንዳይጠይቅ አደረጉት።»

«ካንሰር ቢሆን ፎቶው ላይ አይታይም ነበር?»

«መጋዘን ሣጥን ሲመጣ ሚዛን ላይ ታወጡታላችሁ አይደል? ሚዛኑ ውስጡ ምን እንዳለ ይናገራል?»

«ሚዛን ክብደት ነው የሚናገረው። ለውስጡ ሌላ ማሽን አለን።»

«በቃ፣ እሱ ነው። አልትራሳውንድ ዕጢ መኖሩን፣ የት እንዳለ፣ ስንት እንደሚያክል ይነግረናል። ከምን እንደተሠራ ግን ኤም አር አይ ይሻላል። ደህናው ማዮማ እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ ነው፤ ዳሩ በእርሳስ የተከበበ ይመስላል። ክፉው ዳሩ ይፈራርሳል፣ ውስጡ ይዥጎረጎራል፣ ደም የቋጠረ ቦታ ይታይበታል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜስ አይደለም። ደህናውም አንዳንዴ ውስጡ ሲበላሽ ክፉ ይመስላል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ከወጣ በኋላ ላቦራቶሪው ነው። ሥዕሉ ግን ለቀዶ ሐኪሙ እንዴት እንደሚያወጣው ይነግረዋል። የማያሰጋ ከሆነ ቆራርጦ በትንሽ ቀዳዳ ማውጣት ይቻላል። የሚያሰጋ ከሆነ ግን ሆድ ውስጥ ከቆራረጡት ይበተናል። ሳይፈርስ፣ ከነማህፀኑ ነው የሚወጣው። ይህን ቀድሞ ማወቅና ከርሞ ማወቅ አንድ አይደለም ጋሼ።»

አቶ ገብረመድህን ፖስታውን በጋዜጣው መልሰው ጠቀለሉት። ጃሙ ሦስት ሜትር ተንቀሳቅሶ እንደገና ቆመ።

«መጥፎ ከሆነስ? ለሰው ፊት ለፊት ካንሰር አለብህ ይባላል? ነውር ነው። ፈርታ ትሞትብኛለች። ባታውቀው ይሻላል።»

«እትዬ አስካለ ናቸው የሚፈሩት? እኛን አርባ ልጅ በአንድ ዓይናቸው ጸጥ የሚያሰኙት?» ሐሊና ጎንበስ ብላ አየቻቸው። «ፍርሃቱ የማነው ጋሼ?»

እሳቸው ግን ወደ ሌላው ምሽግ ሸሹ።

«የስደት ኬዛችንስ? ሆስፒታል ሃምሳ አራት፣ ቢሮ አርባ ሦስት። አሥራ አራት ዓመት የጠበቅነው ፋይል ገደል ገባ ማለት አይደለም?»

«የሆስፒታል ወረቀት ሆስፒታል ነው የሚቀመጠው። ካሳሰበዎት ደግሞ ቢሮው ሄደው ተሳስተናል፣ ይታረምልን ይበሉ። ይቆጡ ይሆናል። ግን ፋይሉ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ጤነኛ ናት፤ የታመሙት ቤት ያሉት ናቸው።»

«ለአንቺ ቀላል ነው። ምን አለብሽ!»

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሣጥን ላይ ‹አሮጌ ልብስ› ተብሎ ቢጻፍ ትከፍቱታላችሁ?»

«ምን አደከመን? እናሳልፈዋለን።»

«‹ኬሚካል› ቢልስ?»

«ለብቻው ይነሣል፣ በማሽን ይታያል፣ ባለሙያ ይጠራል። ምን ማለትሽ ነው?»

«እርስዎ እትዬ አስካለን ‹አሮጌ ልብስ› ብለው ጽፈው ነው ሐኪም ዘንድ የላኳቸው። ዶክተር ንጆሮጌ አልተሳሳቱም። የሰጧቸውን ወረቀት አንብበው አሳለፉ።»

በአሥራ አራት ዓመት የመጋዘን ሥራቸው አቶ ገብረመድህን የስንቱን ነጋዴ ፊት እንዲህ ሲገረጣ አይተዋል፤ የራሳቸው ሲገረጣ ግን የመጀመሪያው ነበር። አንዴ አንድ ባለጭነት እግራቸው ላይ ወድቆ ነበር፤ የሣጥኑ ክብደት በሁለት ኪሎ ስለተለያየ ነው። አልፈረሙለትም። ለሁለት ኪሎ ያልፈረመው እጅ ለአሥራ አንድ ዓመት መፈረሙን አሁን አዩት፤ ያውም በሚስት ላይ።

«አልገጠመም» አሉ በመጨረሻ። ለራሳቸው ነበር።

ዌስትላንድስ ሲደርሱ አብረው ወረዱ። ሐሊና ወደ ሥራዋ ሄደች። አቶ ገብረመድህን ሐኪሙ ፊት ተቀምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የተሰጠው ሰነድ ላይ ስሕተት አለ» ብለው ጀመሩ። ዶክተር ንጆሮጌ ስለ ደሙ ሲሰሙ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። የማዘዣ ወረቀት ጎትተው ኤም አር አይ በዚሁ ሳምንት እንዲነሣ ጻፉ።

የቀረው ለባለቤቲቱ መንገር ነበር። አቶ ገብረመድህን ከዌስትላንድስ እስከ ቤታቸው ያዘጋጁት ንግግር መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ነበረው። ወይዘሮ አስካለ ባቄላ እየፈለፈሉ መግቢያውን ሰሙና አቋረጧቸው።

«ዕድሜዬን ነገርከው?»

«ነገርኩት።»

«ተመስገን። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጉልበቴን ሲያመኝ እንኳን በአርባ ዓመቷ ሴት ልክ ነው ያቃሰትኩት።»

«ክፉ ሊሆን ይችላል ተብሏል፣ አስካለ።»

ወይዘሮ አስካለ የያዙትን ባቄላ ፈልፍለው ጨረሱ። «ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ሆዴ እኮ የእኔ ነው። አንተ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ባል ሚስት እንዳትደነግጥ፣ ሚስት ባል እንዳይደነግጥ፤ በዚህ ዓይነት መተሳሰብ ዕጢው አራት ሴንቲሜትር አደገ።

ዓርብ ዕለት ምርመራ ማዕከሉ ውስጥ ቅጽ ተሰጣቸው። አቶ ገብረመድህን እንደ ልማዳቸው ተቀበሉት። ስም ሞሉ፣ ስልክ ሞሉ፤ ዕድሜ የሚለው ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶው ከለመደው መንገድ ወጥቶ አያውቅምና «4» ብሎ ጀመረ። ወይዘሮ አስካለ ምንም ሳይናገሩ እስክሪብቶውን ከእጃቸው ወሰዱ፤ አራቷን ሰረዙ፤ ሰሌዳ ላይ በሚጽፉበት ደልደል ያለ ቁጥር 54 ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀለበታቸውንና የጆሮ ጌጣቸውን አውልቀው ባላቸው መዳፍ ላይ አስቀምጠው ገቡ።

ማሽኑ ሰላሳ አምስት ደቂቃ ያህል ደበደበ፣ አንጓጓ፣ ጮኸ። አቶ ገብረመድህን ቀለበቱን ይዘው ውጭ ቆመው ነበር። ሐሊና ስትወጣ ፊቷን አነበቡ፤ ምንም አልተጻፈበትም።

«ምን ይላል?»

«እኔ አንሺ ነኝ ጋሼ። የሚያነበው ሐኪም ሌላ ነው። ነገ ይነግራችኋል፤ ለሁለታችሁም።»

ለሁለታቸውም ነገራቸው። ዕጢው በአብዛኛው ዳሩ ደህና ነው፤ በአንድ ወገን ግን ዳሩ ፈርሷል፣ ውስጡ ደም ቋጥሯል። ከማህፀን ውጭ የታየ ነገር የለም። ካንሰር ነው ብዬ አልምልም፣ አይደለም ብዬ ደግሞ አላሳልፈውም አለ። ወይዘሮ አስካለ ሥዕሉን ቀርበው አዩትና «ያቺ የተቀደደችው ጋ ናት?» ብለው ጠየቁ። አዎ ተባሉ። «እንግዲያው ይውጣ» አሉ። ፈርታ ትሞትብኛለች የተባለችው ሴት ይህችው ነበረች።

በጁላይ ማህፀናቸው ከነዕጢው፣ ሳይቆራረጥ ወጣ። ከአሥር ቀን በኋላ የላቦራቶሪው ውጤት መጣ፦ ካንሰር ነው፤ ከማህፀን ግን አልወጣም። ዶክተር ንጆሮጌ ነገሩን ሳያጋንኑ አስረዱ። በየሦስት ወሩ መመርመር ያስፈልጋል፤ ተመልሶ አይመጣም ብሎ ዋስ የሚሆን ሐኪም የለም። በማዮማ ስም ቆራርጠውት ቢሆን ኖሮ፣ ወይም እነዚያ ስድስት ወራት ቢጠበቁ ኖሮ ግን፣ አሁን የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነበር። አቶ ገብረመድህን ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቁም።

በኦገስት ወደ ስደተኞች ቢሮ ሄደው ሁለቱንም ዕድሜ አሳረሙ። ለዚህ ቀን አሥራ አራት ዓመት ሲፈሩ ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ማመልከቻውን አነበበች፣ አዛጋች፣ አንድ ማኅተም መታች፣ «የሚቀጥለው» አለች። ፋይሉም እንደ ቀድሞው መተኛቱን ቀጠለ።

ወይዘሮ አስካለ መራመድ በቻሉ በሳምንቱ የሴቶች ጸሎት ላይ ተገኙ። ቆመው፣ አንድም ነገር ሳይሸፍኑ፣ የሆነውን ተናገሩ። «እህቶቼ፣ ለቢሮ የምትሉትን ከጌታ ጋር ጨርሱ» አሉ። «ለሐኪም ግን የእናታችሁን ዕድሜ ንገሩ። የቆመ ደም ከተመለሰ ወጣትነት አይደለም፤ በዚያው ሳምንት ሂዱ። ድሮ የተነሣችሁትን ፎቶ አትጣሉ፤ አድጓል አላደገም የሚባለው እሱ ሲኖር ነው። በሦስት ክሊኒክ በሦስት ስም አትነሡ። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁም ራሳችሁ መልሱ፤ ባል መጥቶ ከሆነ ቦርሳ ይያዝ።»

ሴቶቹ አለቀሱ፣ ጸለዩ፣ ከዚያም በጸጥታ ወደየሐኪሞቻቸው ሄዱ። እህት ወርቂቱ ብቻቸውን ዘጠኝ ዓመት መለሱ። በአንድ ወር ውስጥ ኅብረቱ በጠቅላላው ሰባ ዓመት አረጀ። ሁለት ሴቶች ከዚህ በፊት ማንም ያላዘዘላቸው ምርመራ ታዘዘላቸው፤ የአንዷ ደህና ማዮማ መሆኑ ታውቆ፣ ልታወጣው የነበረውን ማህፀን ይዛ ቀረች። ሥዕሉ ክፉውን ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ደህናውን ከቢላዋ ለማዳንም ይጠቅማል። የሴቶች ጉባኤ የሰማውን ወደ ወንዶች አያሻግርም፤ ስለዚህ ወንዶቹ ከዚህ ሁሉ የሚያውቁት ወይዘሮ አስካለ «ትንሽ አሟቸው ነበር» የሚለውን ብቻ ነው። እህት ወርቂቱ እንኳ የአስካለን ነገር ከባልየው ፀጉር ጋር አላገናኙትም።

እንግዲህ ወደዚያ እሑድ ተመለስን። ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ወንድም ሐብተማርያም አቶ ገብረመድህንን ከነሻይ ብርጭቋቸው ጥግ አስያዟቸው። ወይዘሮ አስካለ ከስተው፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ ጥላው ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ባልየው ቦርሳቸውን ይዘውላቸዋል።

«ወንድም ገብረመድህን፣ ይህ ነገር እንዴት ነው? ቀለሙ አለቀብህ?»

«አላለቀም።»

«ታዲያ ስለት ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ለምርጫው ነው በለኛ! ሽማግሌ መሆን ከፈለግህ እኔም እኮ እደግፍሃለሁ።»

«አልወዳደርም።»

ወንድም ሐብተማርያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አየህ፣ ሰዉ ሁሉ እየጠየቀኝ ነው። ለጸሎት ርዕስ እንዲሆነን ብቻ ንገረኝ። ለምንድን ነው የተውከው?»

አቶ ገብረመድህን ጥላው ሥር ወደተቀመጡት ባለቤታቸው አዩ። ከዚያ የሚስታቸውን ቦርሳ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አልናገርም።»

«ለእኔም?»

«አልናገርም።»